«ፀሐይ ወጣች» — የትኛዋ ፀሐይ?

«ፀሐይ ወጣች» የሚል ዐረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ብናይ ምን እንረዳለን? ወይ ነግቷል፤ ወይ ፀሐይ የምትባል ልጅ ከክፍል ወጥታለች። ግሡ አንድ፣ ጾታው አንድ፣ ፊደሉም አንድ ነው። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል፤ የሰማይዋን «ዘ ሰን» ብሎ በትንሽ ፊደል ይጽፋታል፣ የልጅቱን ስም ያለ «ዘ» በትልቅ ፊደል ይጀምራል።

እኛ ዕጩ መምህራን ይህን ያነሣነው በከንቱ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን አንደኛ ክፍል ድረስ አውርዶታል። የአዊ ሕፃን አፉን የፈታው በአውኚም ሆነ በአማርኛ፣ አስቀድሞ የሚያውቀው ጽሕፈት የግእዙ ፊደል ነው። በዚህ ፊደል ደግሞ ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለም። ታዲያ የገዛ ስሙን በትንሽ ፊደል ስለጀመረ ደብተሩ በቀይ የሚዥጎረጎረው ለምንድን ነው? ያላየውን ከየት ያመጣዋል?

የተለመደው መድኃኒት ማስሸምደድ ነው፦ የወል ስም የአንድ ዓይነት ነገሮች ሁሉ መጠሪያ፣ የተጸውዖ ስም የአንዱ ለብቻው መጠሪያ። ሐሰት የለበትም። ግን ልጁ ልዩነቱን በአፉ ያውቀዋል እኮ! «አንድ ፈረስ»፣ «ፈረሱ»፣ «ፈረሶች» ይላል፤ የአዊ ልጅ ፈረስ አይጠፋውም። የዐፄ ቴዎድሮስን የፈረስ ስም ስጡትና «አባ ታጠቆች» በል በሉት እስቲ፤ ይስቅባችኋል። ትምህርቱ ከዚያ ሳቅ ቢጀምር ይሻላል ባዮች ነን፤ ትርጓሜው በኋላ ይደርሳል።

የቦታ ስም ጠንከር ይላል። ከተማችን እንጅባራ ኮሶ በርም ስትባል ኖራለች። ኮሶ ዛፍ ነው፣ በርም ያው በር ነው፤ ሲጋጠሙ ግን አገር ሆኑ። ስለዚህ ለእንግሊዝኛው ትርጉም አንፈልግላቸውም፣ እንዳሉ በትልቅ ፊደል እንጽፋቸዋለን። ባሕር ዳርም እንዲሁ ነው፤ ከተማው ከሆነ ስሙ ይጻፋል፣ የውሃው ዳርቻ ከሆነ ይተረጎማል።

«ዘ» የምትባለዋ ደግሞ ጠባይዋ አይጨበጥም። «ሌክ ዘንገና» ላይ ድርሽ አትልም፤ ዓባይ ዘንድ ስትደርስ ግን «ዘ ብሉ ናይል» ነው። ማክሰኞ በትልቅ ፊደል ይጀመራል፣ በጋ በትንሽ። ይህ የስምምነት ጉዳይ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ ስላልሆነ ምክንያቱን ለሚጠይቅ ልጅ «ልማዳቸው ነው» ብንለው አናፍርም። ጀርመኖችማ የወሉንም የተጸውዖውንም ስም በትልቅ ፊደል ነው የሚጀምሩት፤ እነሱ ዘንድ ተራው ፈረስ ከአባ ታጠቅ እኩል ነው።