ርካሹ መርፌ

በሪያድ፣ በሰናኢያ፣ ጋራዦች በሚዘጉበት ሰዓት፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው የሀገራችን ሰው ዳዶን ከብሎን ጋር መግጠም አቅቷቸው ሲታገሉ አየሁ። ስኳር እንዳለባቸው ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ የዓይናቸውን መድከም ግን ከእኛም ከአሠሪያቸውም ደብቀው ኖረዋል። የማያይ መካኒክ ማን ያሠራል?

ዐረብኛ ስለምችል ወደ ሐኪም አብሬያቸው ሄድሁ። በዓይናቸው ጀርባ፣ ብርሃን በሚቀበለው ሬቲና ላይ፣ ስኳሩ የጎዳቸው ጥቃቅን የደም ሥሮች ፈሳሽ ያፈስሱ ነበር። ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ፣ መጀመሪያ ላይ በየወሩ፣ ያስፈልጋቸዋል ተባለ። ኢቃማቸው ጊዜው አልፎበት ስለ ነበር መድን አልነበራቸውም። ዋጋውን ሲሰሙ ዝም አሉ። ሐኪሙም ይህን አይቶ፣ «ርካሽ አለ። ለካንሰር የተሠራ ነው፤ ለዓይን ባይመዘገብም እንጠቀምበታለን» አለ።

የተረጎምሁላቸው እኔ ነኝ። የራሴንም ጨመርሁበት፦ «ለድኻ የሚሰጥ ነውና ይቅርብዎ፤ ገንዘብ እስክናሰባስብ ይታገሡ።» ክብራቸውን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር። ሁለት ወር ታገሡ።

ውድ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ማንበብ የጀመርሁት ከዚያ በኋላ ነው። መድኃኒቱ ቤቫሲዙማብ ይባላል፤ የንግድ ስሙ አቫስቲን ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለአንጀት ካንሰር ተፈቀደ። ለአንድ ዓይን 1.25 ሚሊ ግራም ስለሚበቃ፣ 100 ሚሊ ግራም የያዘ አንድ ብልቃጥ ለብዙ ሕሙማን ይከፋፈላል። ርካሽ ያደረገው ይህ ነው እንጂ ድክመቱ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 ለዓይን ሕክምና በመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ አስገብቶታል። ክፍፍሉ ግን ከጀርም በጸዳ የመድኃኒት ክፍል ካልተከናወነ ዓይንን የሚያጠፋ ኢንፌክሽን ያመጣልና፣ የት እንደ ተዘጋጀ መጠየቅ ነውር የለውም።

በ2015 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ሦስት መድኃኒቶችን በስኳር ሕሙማን ዓይን ላይ አወዳደረ። በዚያ ሀገር የአቫስቲን አንዱ መርፌ ወደ 50 ዶላር፣ የአይሊያ ወደ 1,950 ዶላር ነበር። እይታቸው በጥቂቱ በቀነሰባቸው ዘንድ ውጤቱ ተቀራራቢ ሆነ፤ ክፉኛ በቀነሰባቸው ግን በመጀመሪያው ዓመት አይሊያ በለጠ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ጋሼ በመጀመሪያው ቀን ከየትኛው ወገን ነበሩ? ከሁለት ወር በኋላስ? በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት ጥቂት አጽናንቶኛል፤ በአቫስቲን ጀምረው፣ ያልበቃቸው ብቻ ወደ ውዱ የተሻገሩ ሕሙማን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በውዱ ከጀመሩት ጋር ተቀራራቢ እይታ ነበራቸው።

ያደረግሁትን ነገርኋቸው። ብዙ አልተናገሩም። በዚያው ሳምንት ርካሹን መርፌ ተወጉ፤ ግራ ዓይናቸው ተሻለው፤ ቀኙ አሁንም ደብዛዛ ነው። ዛሬም አብረን እንሄዳለን። ሐኪሙ ተናግሮ ሲጨርስ፣ እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት፣ «የእሱን ቃል ብቻ፣ ልጄ» ይሉኛል።