ያደረቃት ማሽኑ አይደለም

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፣ ታገሱኝ። ጋምቤላ ባዮሎጂ ያስተማርኳት አንዲት ልጅ ሰሞኑን በውስጥ መስመር ጥያቄ ላከችልኝ። መልሱ ለሌላም ሰው ይጠቅማል ስላት «ስማችንን አይጥሩ እንጂ ይጻፉት ቲቸር» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታላቅ እህቷ ሁለት ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ዓመት አልፏቸዋል። ለእጥበት ብላ ከባሮ ዳር ተነስታ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተቀምጣለች። በሳምንት ሁለት ቀን ማሽኑ ላይ ትውላለች። ከጥቂት ወራት በኋላ የወር አበባዋ ቀረ። ጎረቤቱም ጠያቂውም «ማሽኑ ደምሽን መጦ አደረቀሽ» ይላታል። እሷም አመነች። እጥበቱን ትቼ አገሬ ልግባ ብላ ሻንጣዋን ማዘጋጀት ጀምራለች። ተማሪዬ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እውነት ማሽኑ ነው እንዴ?»

አይደለም። ለምን እንዳልሆነ እነሆ።

ኩላሊት ማጣሪያ ነው እንላለን፤ ልክ ነው። የጤነኛ ሰው ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጠላሉ። ከባሮ ውሃ እየቀዳችሁ ያደጋችሁ ስሌቱ ይገባችኋል፤ ዘጠኝ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ቢሆን ነው። ሌላው ወደ ደም ይመለሳል።

ምን ያህሉ ይመለስ የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው ቫሶፕሬሲን የተባለ ሆርሞን ነው። የምትለቀውም ከአንጎል ሥር የተንጠለጠለችው፣ አተር የምታክለው ፒቱታሪ ዕጢ ናት። በ1961 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ብራትልቦሮ በሚባል ከተማ ከላብራቶሪ አይጦች መካከል ይህን ሆርሞን መሥራት የማይችሉ ተገኙ። እነዚህ አይጦች በቀን ከክብደታቸው ግማሽ የሚበልጥ ውሃ ይጠጣሉ፤ መልሰው ይሸኑታል፤ ደግሞ ይጠማቸዋል። እኛ በመጋቢት የጋምቤላ ሙቀት ሽንታችን አንሶ የሚጠቁረው ይህ ሆርሞን ስላለን ነው። ውሃችንን ይይዝልናል።

እስከዚህ ድረስ ኩላሊት የፒቱታሪ ታዛዥ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሌላ ሥራም አለው። ትእዛዙን ራሱን ከደም ያነሳል።

ሆርሞን መልእክት ነው። ከደረሰ በኋላ ካልጠፋ፣ ሰውነት ያንኑ ትእዛዝ ደጋግሞ ይሰማል። እንደ እድገት ሆርሞንና ፕሮላክቲን ያሉት የፒቱታሪ ሆርሞኖች ትናንሽ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ትናንሽ ዓሦች በመረብ ቀዳዳ እንደሚያልፉ በኩላሊት ወንፊት ያልፋሉ። ካለፉ በኋላ ግን ሽንት ውስጥ አይጣሉም። በቀጫጭኖቹ የኩላሊት ቱቦዎች ግድግዳ ላይ ያሉ ሴሎች ይለቅሟቸዋል፣ ይውጧቸዋል፣ ፈጭተውም አሚኖ አሲድ ያደርጓቸዋል። አሚኖ አሲዱ ወደ ደም ተመልሶ ለሌላ ሥራ ይውላል።

ይህ የታወቀው በአይጦች ነው። የአይጥ ኩላሊት ከሰውነት ውጭ በሕይወት እንዲቆይ ተደርጎ የእድገት ሆርሞን ያለበት ፈሳሽ አሳለፉበት። ከገባው ሆርሞን ብዙው ጠፋ፤ ሽንቱ ውስጥ የተገኘው ግን እዚህ ግባ የማይባል ነበር። ኩላሊቱ ፈጭቶታል ማለት ነው። ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው የወጡ አይጦች ላይ ደግሞ ሆርሞኑ ደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ሲዞር ታየ።

አሁን ወደ እህቷ እንምጣ። የእጥበት ማሽን ወንፊት አለው፤ የሚፈጭ ሴል ግን የለውም። ዩሪያን፣ ፖታሲየምን፣ ትርፍ ውሃን ያወጣል። ፕሮላክቲን ከዩሪያ ከ300 እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ማሽኑ እሱን በደንብ አያወጣውም። በዚያ ላይ የኩላሊት ሕመም ሲበረታ ፕሮላክቲንን የሚገታው የአንጎል ልጓም ይላላል። የሚመረተው ይጨምራል፣ የሚወገደው ይቀንሳል።

ፕሮላክቲን የወተት ሆርሞን ነው። የምታጠባ እናት የወር አበባዋ እንደሚዘገይ እናቶቻችን ያለ ላብራቶሪ ያውቁታል፤ አንዱ ምክንያት ይህ ሆርሞን ነው። የዚህች ሴት ሰውነት ሳትወልድ የአራስ ትእዛዝ እየሰማ ነው። እንደ ደም ማነስ ያሉ ሌሎች ምክንያቶችም ይታከሉበታል። ሁሉም ግን የሚመጡት ከሕመሙ ነው።

ማሽኑ የሚችለውን እየሠራ ነው፤ የሚችለውም ሕይወቷን ማቆየት ነው። ብታቆም ፖታሲየሙ ልብን ያቆማል፣ ውሃው ሳንባ ይሞላል። በቀናት ወይም በሳምንታት የሚመጣ ነገር ነው።

ለልጅቷ ሦስት ነገር ጻፍኩላት። አንደኛ፣ ፕሮላክቲን በደም ምርመራ ስለሚታወቅ እህቷ ለሐኪሟ ሳታፍር ትንገር፤ ከጡቷ ፈሳሽ ካለም ትናገር። ሁለተኛ፣ የወር አበባ ቀረ ማለት በፍጹም አይረገዝም ማለት አይደለምና በዚህም ሐኪም ታማክር። ሦስተኛ፣ ኩላሊት ከተተካላቸው ሴቶች ብዙዎቹ የወር አበባቸው ይመለሳል፤ አዲሱ ኩላሊት ማጣራቱንም መፍጨቱንም ይጀምራልና። አገራችን ውስጥ ይህ ሕክምና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከመስከረም 2008 ዓ.ም ጀምሮ ተጀምሯል።

ልጅቷ ይህን በስልክ በአኝዋክኛ እየተረጎመች አነበበችላት። እህቷ ብዙ ጠየቀቻት አሉ። ሐሙስ ዕለት ወደ እጥበቱ ሄዳለች።

ቤታችሁ ወይም ሰፈራችሁ እጥበት ላይ ያለች ሴት ካለች ይህን አንብቡላት። ነርስና ሐኪም የሆናችሁ ተማሪዎቼ ደግሞ፣ የጎደለውን ጨምሩበት።