ጎማው ለምን አለቀ?

ባለፈው ክረምት ከደብረ ታቦር በወረታ በኩል ወርጄ፥ ባሕር ዳር በጀልባ ሞተር ጥገና ከሚተዳደረው አጎቴ ዘንድ ሰነበትሁ። አንድ ቀን መንገደኞችን ወደ ዘጌ የምታመላልስ አሮጌ የናፍጣ ጀልባ እየተንቀጠቀጠች መጣች። ካምቢዮውን ከውልብልቢቱ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ይህ ጎማ ንዝረት ይቀንሳል፤ የካምቢዮው ጥርስ እንዲድን እርሱ ያልቃል።

አጎቴ ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ። እኔም በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጎተተው ሴባስቶፖል መድፍ የተሠራበት የጋፋት ልጅ ነኝና፥ ብረት ያስቸግረኛል ብዬ አላሰብሁም። ቡሎኖቹን ፈትቼ፥ አዲሱን ጎማ አስገብቼ አጠበቅሁና፥ «ጋሼ፥ ጨረስሁ» አልሁ።

«አሮጌው ለምን አለቀ?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ።

እንደገና አስፈታኝ። ጎማውን አውጥተን የሁለቱን ዘንጎች ፊት አቀራርበን ክፍተቱን በአራት ወገን በስስ ብረት ስንለካ፥ ከላይ ሰፍቶ ከታች ጠብቦ ተገኘ። የሞተሩ የፊት መቀመጫ ዝቅ ብሎ ኖሯል። ከሥሩ ስስ ብረት እየደረብን ክፍተቱን በአራቱም ወገን እኩል አደረግነውና ጎማውን መለስነው። ጀልባዪቱም ያለ መንቀጥቀጥ ሄደች።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ የለቀምሁት ቡሎን ብቻ ነው። ጎማው ግን ሰው በተሳፈረበት፥ በጣና መካከል ተበጥሶ ቢሆን ኖሮ፥ ምን እለቅም ነበር?