ባቡር ዳገት ፈርቶ የቆረቆራት ከተማ

ላፍቶ የምንኖር ሰዎች ክፍለ ሀገር መውጣት ሲያምረን ቀድሞ የሚታየን መናኸሪያ ነው፤ ሻል ያለው ደግሞ ቦሌን ያስባል። ከቤቴ እስከ ፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ በታክሲ ሃያ ደቂቃ አይሞላም። እኔ ግን ያን ግዙፍ ሕንፃ ዓመታት ሙሉ በሩቁ እያየሁ ሳልፍ ኖርኩ። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር የተመረቀው መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው፤ መደበኛ ሥራ የጀመረው ደግሞ በ2010። እኔ ወደ ድሬዳዋ የተሳፈርኩት ገና ዘንድሮ፣ ግንቦት ውስጥ። ለመዘግየቴ የማቀርበው ምክንያት የለኝም።

ጠዋት ነው የተነሣነው። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር ጭስም ጩኸትም የለው፤ መንቀሳቀሳችንን ያወቅሁት የመብራት ምሰሶዎቹ ወደ ኋላ መሸሽ ሲጀምሩ ነው። ከጎኔ የተቀመጡት እናት የድሬ ልጅ ናቸው። ለቡ ላይ ካፖርት ለብሰው፣ በላዩ ጋቢ ደርበው ነበር። ቢሾፍቱን ስናልፍ ጋቢው ታጠፈ። አዳማ ላይ ካፖርቱ ወረደ። አዋሽ ስንደርስ ሹራቡም ተከተለ። ኤረር አካባቢ ዞር ብዬ ሳያቸው በአበባማ ሽቲ ብቻ፣ ፊታቸው ፈክቶ፣ አሥር ዓመት ቀንሰው አገኘኋቸው። «ብርዳችሁ አጥንት ይገባል» አሉኝ፣ እኔ ያመጣሁት ይመስል። ከ2,200 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ ወደ 1,200 ሜትር የሚወርድ መንገድ እንዲህ ሲለካ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

መተሐራ ላይ የፈንታሌ ተራራ በግራ በኩል ብቅ አለ። ከሥሩ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ አጠገቡ ደግሞ ዓመት በዓመት እየሰፋ ያስቸገረው የበሰቃ ሐይቅ። ከአዋሽ ወዲያ አገሩ ግራርና አቧራ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ተሳፋሪ እዚህ ላይ ይተኛል። እኔ ግን ዓይኔን መክደን አልቻልኩም። አንድ ቦታ ላይ ባቡሩ ድንገት ቀዝቀዝ አለ። ግመሎች ናቸው። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ለመብረር የተሠራው ባቡር፣ አንገታቸውን አርዝመው የታዘቡት ግመሎች ዘወር እስኪሉለት ድረስ በእርምጃ ሄደ።

ድሬ ስንገባ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። ገባን አልኩ እንጂ ጣቢያው ከከተማው ውጪ ነው፤ ወደ መሐል የሚያደርሰው ባጃጅ ነው። ሾፌሩ ልጅ እግር ነው፤ ከእኔ በግማሽ ያንሳል። «አቦ ግባ እንጂ! ፀሐይ ላይ ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ። አዲስ አበባ ቢሆን ይህ «አንተ» ያስቆጣኝ ነበር። እዚህ ግን እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ገባልኝ።

የድሬዳዋን ነገር ለመረዳት ከሐረር ተራሮች መጀመር ያስፈልጋል። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ ሐሳቡ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር ወደ ሸዋ ለመዝለቅ ነበር። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተነሣ። የሐረርን ተራራ መውጣት ግን ገንዘብ የሚበላ ሆነ፤ ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ፣ ሜዳው ላይ ቀረ። ታኅሣሥ 1895 ባቡሩ ደረሰ፤ ከተማዋም ተቆረቆረች። መጀመሪያ የወጣላት ስም «አዲስ ሐረር» ነበር። ከዚያ የባቡር ኩባንያው ከስሮ በሌላ ተተካና ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪደርስ 1909 ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከባሕር በባቡር የመጣ ዕቃ እዚሁ እየወረደ በግመልና በበቅሎ ተጭኗል። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ ዐረቡ እዚህ የከተመው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚራ በባቡር ኩባንያው ሰዎች የተቀየሰ ሰፈር ነው፤ መንገዱ በማስመሪያ የተሠመረ፣ ዛፉ ጣሪያ የሆነ። አዲስ አበቤው «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚለው ቀይ አበባ ታክሲ ጣሪያ ላይ ሳይቀር ተነጥፏል። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ ጠመዝማዛ ነው። ደቻቱ በበጋ አሸዋ ብቻ ስለሆነ ሰው በመሐሉ ያቋርጣል፤ በሐምሌ 1998 ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው መብላቱን ግን የድሬ ሰው አልረሳም። ቀፊራ ገበያ በር ላይ ሙሸበክ ገዛሁ። በዘይት የተጠበሰ፣ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ብርቱካንማ ጣፋጭ ነው። ጣቴን ስልስ ዋልኩ።

በማግስቱ ለገሃር ሄድኩ። አዎ፣ ድሬም ለገሃር አላት፤ ቃሉ የፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» ነው፣ ጣቢያ ማለት። የድሮ ሰዎች ግን ባቡሩን ሁሉ ጠቅልለው «ሸሚንደፈር» ይሉታል። ግቢውን ያስጎበኙኝ ጡረታ የወጡ ሠራተኛ ናቸው። «እርስዎ ስንት ዓመት ሠሩ?» ስላቸው ሳቁብኝ። «አቦ፣ አንተ በለኝ፤ እርስዎ ስትለኝ የሞትኩ ይመስለኛል።» ፍሬን ወደሚሠራበት ጋራዥ አስገቡኝ። የማሽኖቹ እጀታ በእጅ ብዛት እንደ መስታወት ያበራል። ከዚያ ውጪ ባለው ሐዲድ ላይ ቆሙና አንድ እግራቸውን በአንደኛው ብረት፣ ሌላውን በሁለተኛው ላይ አደረጉ። «ይኸው፣ አንድ ሜትር። የእኔ እርምጃ። የእናንተ የለቡው ሰፊ ነው፤ አልደርስበትም።» እውነታቸውን ነው፤ አዲሱ ሐዲድ 1.435 ሜትር ነው።

ሣር ውስጥ የቆመ አንድ ባለሞተር ፉርጎ እያሳዩኝ «ሊትሪና» አሉ። ይህ ቃል እንኳ የጣሊያን ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 አፄ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ ሐዲድ ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ በዚህ ጣቢያ አልፈዋል፤ በሳምንት ገደማ ጣሊያን ከተማዋን ያዘ። ወራሪው ተባረረ፤ የባቡሩ ስም ግን አማርኛ ሆኖ ቀረ።

አንድ ነገር ከነከነኝ። የድሮው ባቡር ሐረርን ትቶ ስላለፈ ድሬ ተወለደች፤ አዲሱ ደግሞ የድሬን መሐል ትቶ አለፈ። ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው። «ይለፍ፤ ባጃጅ አለን» አሉኝ።

ንፋስ ስልክ፣ ጀሞ፣ ላፍቶ ያላችሁ፦ ጣቢያው ቅርባችሁ ነው። ትኬቱን ቀደም ብላችሁ ቁረጡ፣ መታወቂያ አትርሱ፣ ውሃ ያዙ። ጋቢ ከያዛችሁ ደግሞ አዳማ ሳትደርሱ ማጣጠፍ ጀምሩ።