«ዛይዳ»

ጥቁር ዐባያችን ከነጩ ዐባይ በሚገናኝባት በካርቱም፣ በዴም ሰፈር ቡና እያፈላች ትኖር የነበረች አንዲት የአገሬ ልጅ፣ በስድስተኛ ወር እርግዝናዋ ሆዷን ይዛ ሌሊቱን ባነጋች ጊዜ፣ ጎረቤቶቿ «ጽንሱ ሲገላበጥ ነው» ብለው አጽናኗት፤ የሄደችበትም ክሊኒክ «የእርግዝና ነው» ብሎ መለሳት። በማግሥቱ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰድኋት። ሐኪሙ ዝም ብሎ ሲዳስሳት ቆይቶ «ዛይዳ» አለ፤ ዐረብኛውም እንደ አማርኛችን ያንን አንጀት «ትርፍ» ይለዋል።

ይህ የትርፍ አንጀት ደዌ በነፍሰ ጡር ላይ ሲደርስ በእርግዝናው መጋረጃ ይሰወራል። ማቅለሽለሽና ማስመለስ የእርጉዝ ልማድ ነው፤ ነጭ የደም ሕዋስም በጤነኛይቱ ነፍሰ ጡር ዘንድ ስለሚበዛ፣ የደም ምርመራ ብቻውን የታመነ ምስክር አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1932 ቤር የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር፣ ማሕፀን ሲያድግ ትርፍ አንጀትን ሽቅብ እንደሚገፋው በራጅ ካሳየ ወዲህ ሕመሙን ከጎድን ሥር መፈለግ ተለምዶ ነበር፤ በኋላ የመጡ ጥናቶች ግን አብዛኞቹ እናቶች በየትኛውም ወር ሕመሙ የሚሰማቸው ከሆድ በታች በስተቀኝ መሆኑን ገለጡ። አልትራሳውንድ ይቀድማል፤ ነገር ግን አንጀቱን አጥርቶ ሳያሳይ ሲቀር ከደዌው ነጻ ናት ማለት አይደለም፤ በሚገኝበት ስፍራ ጨረር የሌለው ኤምአርአይ ይከተላል።

ቀዶ ሕክምናን ስለ ጽንሱ መፍራት የእናት ባሕርይ ነው፤ አልነቅፈውም። ዳሩ ግን ባብለር የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1908 እንደ አስገነዘበው፣ የሚገድለው መዘግየቱ ነው፤ አንጀቱ ሳይፈነዳ ከወጣ ጽንሱ የሚጠፋው ጥቂት ጊዜ ሲሆን፣ ከፈነዳ ግን አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ያች እኅታችን በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት፣ ወሯን ጠብቃ ተገላገለች። ይህ የሆነው ከሱዳኑ ጦርነት በፊት ነበር፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ተኩሱ ከተከፈተ ወዲህ ግን በካርቱም ብዙዎቹ ሆስፒታሎች ሥራ አቁመው ስለ ከረሙ፣ እንደ እርስዋ ያሉት ደጃፍ ለማግኘት ምን ያህል እንደ ተንከራተቱ ሳስብ ልቤ ይታወካል።

በሱዳን ያላችሁ እኅቶቼ ሆይ፣ በስተቀኝ ጸንቶ የማይለቅ ሕመም ሲይዛችሁ ዐረብኛው ባይሞላላችሁ እንኳ ቦታውን በእጃችሁ እያመለከታችሁ «ዛይዳ» በሉ፤ ቀዶ ሐኪም ሳያያችሁም ወደ ቤት አትመለሱ።