ከኢስታንቡል ያመጣነው ክርክር



በኢስታንቡሉ የትምህርት ጉዞ ጠዋት ጠዋት ትምህርት፣ ከዙህር በኋላ ጉብኝት ነበር። ከትምህርቶቹ ወደ እኛ የቀረበው ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የተሰጠው ነው። መምህሩ እ.ኤ.አ. በ1999 ከ17 ሺህ በላይ ሰው ስለጨረሰው የኢዝሚት መንቀጥቀጥ ሲያስረዱ፣ አዋሽ ፈንታሌ በተናወጠ ጊዜ በሌሊት ከዶርም የወጣን ልጆች ተያየን።

አስርን ሱለይማኒያ መስጂድ ሰገድን። ሚማር ሲናን ከ1550 እስከ 1557 የሠራው ነው። የኩራዞቹ ጥላሸት በአየር ፍሰት እየተሳበ ከመግቢያው በላይ ባለ ክፍል ይጠራቀምና ለጽሕፈት ቀለም ይውል እንደነበር አስጎብኚያችን ነገረን። ገጠር ቁርአን የቀራነው፣ ጥላሸት በጥብጠን ሉህ ላይ የጻፍነው ሳቅን።

ጉልሃኔ መናፈሻ ያለው የእስልምና ሳይንስና ቴክኖሎጂ ታሪክ ሙዚየም ግን መጀመሪያ ቅር አሰኘን። በ2008 የተከፈተ ሲሆን ዕቃዎቹ ከሞላ ጎደል ቅጂ ናቸው። "ለቅጂ ነው እንዴ ይህን ሁሉ የመጣነው?" ያለም ነበር። ነገሩ የገባን የአል ጀዘሪ የዝሆን ሰዓት ፊት ስንቆም ነው። በዝሆኑ ሆድ ውስጥ ባለ ውኃ ላይ ሥሯ የተበሳ ጎድጓዳ ሳህን ትንሳፈፋለች፤ በግማሽ ሰዓት ሞልታ ስትሰምጥ ገመድ ስባ ከላይ ያሉትን ምስሎች ታንቀሳቅሳለች። ጥንት የተሠራ ሰዓት አልቀረልንም፤ የቀረው በ1206 የተጻፈው ኪታብ ነው። ፕሮፌሰር ፉአት ሴዝጊን እንዲህ ያሉ ኪታቦችን እያነበቡ ዕቃዎቹን እንደገና አሠሩ። (ቀብራቸው እዚያው መናፈሻ ውስጥ ነው፤ ዱዓ አድርገን አለፍን።)

የከነከነን ተቂዩዲን ነው። በሱልጣን ሙራድ ሣልሳዊ ዘመን፣ በ1577፣ እዚያው ከተማ የከዋክብት መመልከቻ አቋቋመ። ቲኮ ብራሄ ዴንማርክ ውስጥ የራሱን በሚሠራበት ዘመን ማለት ነው። በ1580 ግን በሱልጣኑ ትእዛዝ ፈረሰ። ከውጭ የመጣ ጠላት አይደለም ያፈረሰው።

ማታ ሆቴል ውስጥ ተከራከርን። አንዱ ወንድም፣ ኮከብ ቆጠራ ስለገባበት ነው፣ እሱ ደግሞ ሐራም ነው አለ። አንዲት እህት የሶላት ወቅትና ቂብላ የሚሰላው በዚያው እውቀት ነው፤ የሚከለከለው ጥንቆላው እንጂ ልኬቱ አይደለም ስትል መለሰችለት። የታሪክ ጸሐፊዎች የቤተ መንግሥት ሽኩቻንም ያነሳሉ። ይህን በጋዜጣችን አናንሳው፣ ለሚተቹን መሣሪያ እንሰጣለን ያሉም ነበሩ። የዝሆኑን ሰዓት ጽፈን ይህን ብንደብቅ ግን አማና መብላት ነው ያልነው በዛን።

በመጨረሻው ምሽት ከወሎ የመጣ ወንድማችን አያቱ ቤት ግማሾቹ በዐረብኛ፣ ግማሾቹ በዐጀም የተጻፉ ኪታቦች እንዳሉ ነገረን። ምን እንደሆኑ ከቤተሰቡ የሚያውቅ የለም። ሦስታችን በክረምቱ እረፍት ሄደን አንድ በአንድ ልንመዘግባቸውና በስልክ ፎቶ ልናነሳቸው ተስማምተናል፣ ኢንሻአላህ። የእጅ ጽሑፍ ዐረብኛ ማንበብ የሚችል አራተኛ ሰው እንፈልጋለን፤ ከመግሪብ በኋላ መስጂድ በር ላይ ታገኙናላችሁ።