ፈረሰኛው ከቁም ሳጥን ይወጣል

ልጅዎ «ለትምህርት ቤቱ ቲያትር የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ፈረሰኛ ነኝ» ብሎ ከመጣ ልብስ ኪራይ ቤት አይሩጡ። የዚያ ዘመን ሰው፣ ገበሬም ሆነ ወታደር፣ በራስ አጥልቆ ወገቡን በቀበቶ የሚያስረው ሰፊ ቀሚስ ነበረው። የአባቱ አሮጌ ቲሸርት በልጅ ገላ ላይ ያው ቀሚስ ነው። ጽሑፍ ካለበት ይገልብጡት፤ «ኒውዮርክ» የሚል ፈረሰኛ ያስቃል። ሲቆረጥ ስለማይተረተር መርፌም አያስፈልገውም፤ እኛ ቤት መቀስ ብቻ በቅቷል።

ከብረት ቀለበት ለሚሠራው ጥሩር ግራጫ ሹራብ ይበቃል፤ ከሩቅ ሲያዩት ሽመናው ቀለበት ይመስላል። የትራስ ልብስ የአንገትና የእጅ ማውጫ ቆርጠው ይደርቡበት፤ እውነተኞቹም በጥሩራቸው ላይ እጅጌ የሌለው ጨርቅ ይለብሱ ነበር። ከታች ጥቁር ታይት። ዚፕ ያለበትን ልብስ ይተዉ፣ ያኔ አልነበረም።

ከራስ እስከ እግር ካርቶን ማልበሱን እኔ አልወደውም፤ ልጁ መቀመጥም መሮጥም ያቅተዋል። ጎራዴው ብቻ የካርቶን ይሁን።

ይህን ለሌሎቹም ወላጆች ይንገሩ። የኪራይ ገንዘብ ከቤት ስላልተገኘ «አሞኛል» ብሎ የሚቀር ልጅ አይጠፋም። ትርፍ የትራስ ልብስ ካለዎት ለልጅዎ ያስይዙት።